ከባለቤቱ በላይ ባለቤት

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የተተረተው የሰው ላም ስንት ቅል ወተት እንደምትሰጥ ከላሟ ጌታ አብልጦ ለሚያውቅ ጎረቤት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ላምም ማሳም ለሌለው፣ የክለብ ድርሻ በእጁ ለሌለው፣ ነገር ግን የክለቡን ካዝና ከባለቤቱ ይልቅ በዓይነ ቁራኛ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ይህ ሰው የስፖርት ደጋፊ ይባላል። ዱሮ «ልጁ ዛሬ እንዴት ተጫወተ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አሁን «ልጁ ለሚከፈለው ገንዘብ ይገባዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በዚያ ርቀት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ጠፍቷል ባይ ነኝ፤ የጠፋውም ደጋፊው ራሱ ነው።

ነገሩን በአሜሪካ ቤዝቦል ላስረዳ። ሌላ ምሳሌ ጠፍቶ አይደለም፤ ይህ አመል እንደዚያ አገር ሥር ሰዶ፣ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ የራሱን ቋንቋ እስከ መፍጠር ደርሶ ያየሁበት ስፍራ ስለሌለ ነው። ቤዝቦልን የማያውቅ አንባቢ አይስጋ። እዚህ የሚያስፈልገን የጨዋታው ሕግ ሳይሆን የገበያው ሕግ ነው። በዋናው ሊግ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ በውርወራና በውርወራ መካከልም ፋታ አለ። በዚያ ፋታ ሰው ያወራል። የሚያወራውም በአብዛኛው ስለ ልውውጥ ነው። እኛ ከእግር ኳስ የለመድነው ዝውውር ክለብ ለክለብ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋቹም ተስማምቶ የሚፈርምበት ነው። የቤዝቦሉ ልውውጥ ግን ሰው በሰው ነው። ሁለት ሥራ አስኪያጆች በስልክ ይስማማሉ፤ ያንተ ወዲህ፣ የኔ ወዲያ ይባባላሉ። ለረጅም ዓመት ካገለገሉትና በውላቸው ውስጥ የእምቢታ መብት ካስጻፉት ጥቂቶች በቀር ተጫዋቹ እሺም እምቢም አይባልም። ሻንጣውን ይይዛል፤ ሚስቱ የልጆቹን ትምህርት ቤት ትለውጣለች፤ በማግሥቱ በሌላ ከተማ የሌላ ክለብ ማልያ ይለብሳል።

እኔ ሁለት ዓመት ያህል በዋሽንግተን ከተማ፣ ከቤዝቦል ስታዲየሙ ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆርጫለሁ። በዚያ ከተማ የመኪና ማቆሚያ የብዙ ኢትዮጵያዊ እንጀራ እንደ ሆነ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጨዋታ ባለ ቀን መኪናውን የሚያቆመው ሁሉ እያወራ ይገባል፣ እያወራ ይወጣል። በ2022 ክረምት (የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወሬው ሁሉ ስለ አንድ የ23 ዓመት ልጅ ነበር፤ ስለ ሁዋን ሶቶ። ይህ የዶሚኒካን ልጅ በ19 ዓመቱ ዋናውን ቡድን ተቀላቅሎ፣ 21ኛ ዓመቱን በፍጻሜው ጨዋታዎች መካከል አክብሮ፣ በ2019 ለዋሽንግተን ናሽናልስ ዋንጫ ካስገኙት አንዱ ነው። ክለቡ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። ልጁ እምቢ አለ። ኦገስት 2 ቀን 2022 ክለቡ ከሌላ አንድ ተጫዋች ጋር ለሳን ዲዬጎ ክለብ አሳልፎ ሰጠውና በምትኩ ስድስት ሰው ተቀበለ፤ አብዛኞቹ ገና ያልበሰሉ ወጣቶች ነበሩ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን የሰማሁትን ወሬ አንባቢ ቢሰማ የከብት ተራ የገባ ይመስለው ነበር። «ሁለት ዓመት ተኩል ቁጥጥር ይቀረዋል»፤ «ዋጋው ሳይወርድ መልቀቅ ነው»፤ «በአንድ ስድስት ማግኘት ትርፍ ነው»። ቁጥጥር የሚለው ቃል የኔ ፈጠራ አይደለም፤ እነሱ በቀን አሥር ጊዜ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። ተጫዋቹ በዋናው ሊግ ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላ ድረስ ወደፈለገው ክለብ መሄድ አይችልምና ያ ዘመን «የቁጥጥር ዓመት» ይባላል። በከብት ተራ ቢያንስ የበሬውን ጥርስ የሚቆጥረው ገዥው ነው። እዚህ ግን ጥርስ የሚቆጥረው ምንም የማይገዛ፣ ምንም የማይሸጥ፣ ለመግቢያውም ከኪሱ የከፈለ ተመልካች ነው።

ከኛም ሰዎች ይህን ቋንቋ የለመዱ ነበሩ። ጋሼ የምንላቸው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤዝቦልን ከማንም አሜሪካዊ ባላነሰ ያውቁ ነበር። «440 ሚሊዮን እምቢ ያለ ስግብግብ ይሂድ! ክለቡ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ክለቡ የእርስዎ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ነገር አታጣም። ገበያው የማይፈቅደውን ከየት ያምጡለት?»

ይህን ሲሉ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎም ሳቁ ጠፋኝ። ምክንያቱም ከወር በፊት እኛ ትኬት ቆራጮች የሰዓት ክፍያችን ጥቂት ሳንቲም እንዲጨመርልን ጠይቀን፣ አሠሪያችን የመለሰልን መልስ ቃል በቃል ይኸው ነበር፤ «ገበያው አይፈቅድም»። በዚያ ቀን ከሁላችንም ይልቅ የተቆጡት ጋሼ ነበሩ። በራሳቸው ላይ ሲነገር ግፍ የነበረው ቃል በሌላ ሠራተኛ ላይ ሲነገር ጥበብ የሆነው በምን ተአምር ነው? ሶቶ ባለጸጋ ስለ ሆነ ነው ብንል፣ ከሶቶ ጋር የሚደራደረው ሰው ደግሞ ከሶቶ እጅግ የበለጠ ባለጸጋ ነው። ከሁለት ባለጸጎች መካከል አንዱ በጉልበቱና በዓይኑ ጥራት ያገኘ ነው፤ ሌላው ክለቡ በእጁ ስለ ሆነ የሚያገኝ ነው። ጋሼ የወገኑት ለሁለተኛው ነው።

የታሪኩ ፍጻሜም አስተማሪ ነው። ሶቶ ቁጥጥሩ አልቆ ነፃ በወጣ ጊዜ፣ በዲሴምበር 2024፣ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። እነዚያ ሁሉ የትኬት መስኮት የሒሳብ ሊቃውንት በሒሳቡም ተሳስተው ነበር ማለት ነው። ስግብግብ ያሉት ልጅ የራሱን ዋጋ ከነሱ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ይህ የባለቤት ቋንቋ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

እስከ 1975 ድረስ የቤዝቦል ተጫዋች ውል ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች። ውሉ ሲያበቃ ክለቡ ተጫዋቹን ይዞ የማቆየት መብት ይሰጣት ነበር። በተግባር ስትተረጎም ትርጉሟ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ጡረታ እስኪወጣ ወይም ክለቡ እስኪለውጠው ወይም እስኪያባርረው ድረስ የዚያው ክለብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 የቤዝቦል ንግድ ሌሎች ነጋዴዎች በሚገዙበት የፀረ ሞኖፖል ሕግ እንደማይያዝ ወሰነ። ባለቤቶቹም ከዚያ ወዲህ በዚህ ጥላ ሥር በሰላም ኖሩ።

ኦክቶበር 1969 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ክለብ ከርት ፍለድ የተባለውን ተጫዋች ለፊላደልፊያ ለወጠው። ፍለድ ለክለቡ 12 ዓመት ተጫውቷል፤ በተከላካይነቱ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት ሰባት ዓመት በተከታታይ ወስዷል፤ ደመወዙ በዓመት 90,000 ዶላር ነበር፤ በዘመኑ ትልቅ ገንዘብ ነው። ልውውጡን የሰማው ከአንድ የቢሮ ሠራተኛ በስልክ ነው። ዲሴምበር 24 ቀን ለሊጉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈ። ከ12 ዓመት አገልግሎት በኋላ ያለ ፈቃዴ የምገዛና የምሸጥ ንብረት ነኝ ብዬ አላምንም አለ። ጥቁር አሜሪካዊ ነውና «ንብረት» የሚለው ቃል በሱ አፍ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ መግለጽ አያሻም። በዓመት 90,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል ብሎ ለጠየቀው ጋዜጠኛም በደንብ የሚከፈለው ባሪያም ያው ባሪያ ነው ሲል መለሰ።

ፍለድ የ1970ን ዘመን ሳይጫወት አሳለፈ። ክስ መሠረተ። በችሎቱ ላይ ጃኪ ሮቢንሰን መሰከረለት፤ በዚያን ጊዜ ይጫወቱ ከነበሩት ግን አንድም ሰው ቀርቦ አልቆመለትም። ስድብ የሞላባቸው ደብዳቤዎች ይደርሱት ነበር። ላኪዎቹ የክለብ ባለቤቶች አልነበሩም፤ ባለቤት ጠበቃ አለው እንጂ የስድብ ደብዳቤ አይጽፍም። ላኪዎቹ ደጋፊዎች ነበሩ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ዳኞቹ የቤዝቦል ልዩ መብት ከሌላው ሕግ ጋር የማይገጥም እንግዳ ነገር መሆኑን አምነው፣ ሆኖም ማስተካከል ያለበት ኮንግሬስ ነው አሉ። በሦስት ዓመቱ፣ በዲሴምበር 1975፣ ፒተር ሳይትስ የተባለ የግልግል ዳኛ በሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጉዳይ ያችን አንቀጽ እንደ ባለቤቶቹ አተረጓጎም አላነብም ብሎ በሩን ከፈተው። ባለቤቶቹ ወዲያውኑ ሳይትስን አሰናበቱት። ተጫዋች ነፃ ከወጣ ጨዋታው ይሞታል ተባለ። ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው፤ ጨዋታው አልሞተም፤ ክለቦቹም አልደኸዩም። ፍለድ ግን ከድሉ ምንም ሳያገኝ በ1997 በ59 ዓመቱ ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፍለድ ከክሱ መካከል በ1971 ወደ ጨዋታ ተመልሶ ነበር፤ የተመለሰውም በዋሽንግተን ሴናተርስ ክለብ ነው። 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ መንፈሱ ስለ ተሰበረ ጥሎ ሄደ። ከሃዲ ያለው ሰው ብዙ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የክለቡ ባለቤት ክለቡን በሞላው ነቅሎ ወደ ቴክሳስ ወሰደው። ዋሽንግተን ከዚያ ወዲያ እስከ 2005 ድረስ የዋናው ሊግ ክለብ አልነበራትም። እንግዲህ ፍረዱ። አንድ ተጫዋች ሲሄድ ክህደት ነው። ባለቤት ክለቡን፣ ስሙን፣ የሕፃናቱን ትዝታ ጭኖ ሲሄድ ንግድ ነው። ይህን ሚዛን ለደጋፊው ያስያዘው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰዎች ጣታቸውን በቁጥር ሊቃውንት ላይ ይቀስራሉ። እኔ እንደነሱ አልፈርድም። ቢል ጄምስ የተባለው ሰው በካንሳስ በአንድ የባቄላ ማሸጊያ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ እየሠራ፣ በ1977 የመጀመሪያውን የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ጥራዙን በራሱ ገንዘብ አሳተመ። የክለብ አለቆች ለዘመናት በይሆናል የሚናገሩትን እሱ ቆጥሮ መረመረው። ዘበኛ የአለቆችን ድንቁርና በእርሳስ ሲያጋልጥ ማየት ደስ ያሰኛል። ያ ቁጥር የደጋፊ ቁጥር ነበር። ዕውቀት ከአጥር ውጭ እንዳለ ማሳያ ነበር።

ኋላ ግን ቁጥሩ ከአጥሩ ውጭ ወደ ውስጥ ገባ። ጄምስን ራሱን በ2002 መጨረሻ የቦስተን ክለብ ቀጠረው። በዚያው ዓመት የኦክላንድ ክለብ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር በሚሆን ደመወዝ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ 125 ሚሊዮን ገደማ ያወጣው የኒውዮርክ ያንኪስም ያሸነፈው ይህንኑ ያህል ነው። በ2003 ስለ ኦክላንድ ብልሃት መጽሐፍ ተጻፈ፤ በ2011 ፊልም ተሠራ። የታሪኩ ጀግና ኳስ የሚመታ ሰው ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያደገ ደጋፊ በሕልሙ ዱላ ይዞ አይቆምም፤ ስልክ ይዞ ይቆማል። ልጁን የሚለካበትም መስፈሪያ «ከተተኪ በላይ ድል» የሚባለው ቁጥር ነው፤ ማለትም ይህ ተጫዋች በርካሽ ከሚገኝ ማንኛውም ተተኪ ይልቅ ለቡድኑ ስንት ድል ጨመረ ማለት ነው። ቁጥሩ ለሚያጠናው ሰው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን መነሻው ምን እንደ ሆነ ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚለካው እሱን ለመተካት ከሚወጣው ትንሹ ወጪ ተነሥቶ ነው። ይህ የቀጣሪ ዓይን ነው። ደጋፊ በዚህ ዓይን ሃያ ዓመት ካየ በኋላ የራሱ ዓይን ምን እንደሚመስል ይረሳል።

ኦክላንድ ራሷ ምን ሆነች? የቁጠባውን ጥበብ ስታደንቅ ኖረች። ጎበዝ ልጅ ባፈራች ቁጥር ክፍያው ከመወደዱ በፊት ሲለወጥባት «ሥራ አስኪያጁ ብልህ ነው» አለች። ቁጠባው ግን ለደጋፊው አልተቆጠበም። በ2023 ክለቡ ወደ ላስ ቬጋስ እንደሚሄድ ታወቀ፤ የኔቫዳ ግዛትም ለአዲሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሕዝብ ገንዘብ ፈቀደ። ጁን 13 ቀን 2023፣ በዚያ ዓመት ባዶውን ይውል በነበረው ስታዲየም ውስጥ 27,759 ሰው ተሰብስቦ ባለቤቱን «ሽጥ! ሽጥ!» እያለ ጮኸ። የሊጉ ባለቤቶች በኖቬምበር በሙሉ ድምፅ መሄዱን አጸደቁ። የመጨረሻው የኦክላንድ ጨዋታ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ተደረገ፤ ክለቡም የላስ ቬጋሱ ስታዲየም እስኪደርስ በሳክራሜንቶ አጠገብ ሊጫወት ሄደ።

እኔ ለዚያ የጁን ምሽት ሕዝብ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። በዚያ ምሽት ማንም የተጫዋች ዋጋ አልቆጠረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው ወደሚገባው ሰው ሄደ። የሚያሳዝነው የመጣው ሃያ ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ተጫዋቹን አንድ በአንድ ሲለውጡበት ያጨበጨበ ሕዝብ፣ በመጨረሻ ክለቡን በሞላው ሲለውጡበት የሚይዘው ክርክር አጣ። የገበያው ሕግ ያው ነበርና።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን ላንሣ፤ የማይረባ ነገር አይሉምና።

አንደኛው፣ «በ2025 ዝቅተኛው የዋናው ሊግ ደመወዝ 760,000 ዶላር ነው፤ ለሚሊየነር ማልቀስ ምንድነው?» ይላሉ። እኔ አላለቅስም፤ አታልቅሱም እላለሁ፤ ለባለቤቱም ጭምር። ለተጫዋቹ ያልተከፈለው ገንዘብ የት ይሄዳል? የትኬቱ ዋጋ አይቀንስበትም፤ የመኪና ማቆሚያውም አይቀንስም፤ ይህን እኔ ትኬት ቆራጩ እመሰክራለሁ። በዚያ ላይ ከዋናው ሊግ በታች በሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች አሉ። በ2022 ከታችኞቹ ሊጎች በአንዱ፣ ሲንግል ኤ በሚባለው፣ የሚጫወት ልጅ በዓመት 11,000 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። በዚያው ዓመት በማኅበር ተደራጁ፤ በ2023 ክፍያው ወደ 26,200 ዶላር ከፍ አለ። ይህን ያመጣው በልውውጥ ወሬ ሲደምር ሲቀንስ የከረመው ደጋፊ አይደለም፤ ራሳቸው ተደራጅተው ነው።

ሁለተኛው፣ «ልውውጥ ከሌለ ደካማው ክለብ በምን ይነሣል? ዋሽንግተን በሶቶ ምትክ ያገኛቸው ልጆች ጥሩ አልሆኑምን?» ይላሉ። ሆነዋል፤ አብራምስ፣ ጎርና ዉድ የተባሉት ሦስቱ ለምርጦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ክለቡ ግን ከ2020 እስከ 2025 ባሉት ስድስት ዓመታት አንድም ጊዜ ካሸነፈው የተሸነፈው ሳይበልጥ አልወጣም፤ በጁላይ 2025ም ሥራ አስኪያጁና አሠልጣኙ ተሰናበቱ። ባለቤቱ ግን አይሰናበትም። እኔ ልውውጥ ይቅር አላልኩም። ክለብ መምራት ያለ ልውውጥ አይሆን ይሆናል። የምለው ልውውጡን የሚያደርገው ባለቤቱ ይሁን፤ ደጋፊው ያለ ደመወዝ ጠበቃ አይቁምለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይጠነክራል። «የምንነጋገረው ስለምናውቀው ነው። የተጫዋቹ ደመወዝ እስከ መጨረሻዋ ዶላር ይታወቃል፤ ስለሱ ካልተከራከርን ስለምን እንከራከር?» ይላሉ። ልክ ነው! ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ከጥቂቶች በስተቀር የክለቦቹ የሒሳብ መዝገብ ለሕዝብ አይገለጥም። መብራቱ የበራው በሠራተኛው ኪስ ላይ ብቻ ነው፤ የጌታው ኪስ በጨለማ ነው። ቁልፉን በጨለማ ጥሎ መብራት ባለበት የሚፈልግ ሰው ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። የዋሽንግተን ስታዲየም በ2008 ሲከፈት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ የወጣውም ከሞላ ጎደል ከከተማው ሕዝብ ነው። ጋሼም፣ እኔም፣ እዚያ ግብር የከፈልን ሁሉ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ጡብ አለን። ደጋፊው ስለ ገንዘብ ማውራት ካማረው ስለ ጡቡ ይጠይቅ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገባናል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ማታ እግር ኳስ ወደሚታይበት ቤት ጎራ ይበሉ። ከግቡ ይልቅ ዋጋው ይወራል። «እንዲህ ተጫውቶ ነው 80 ሚሊዮን?» ይላል ለማኪያቶው ሒሳብ የሚጨነቅ ወጣት። ሊቨርፑልን ከ2010 ጀምሮ የያዘው የአሜሪካ ድርጅት የቦስተኑ ቤዝቦል ክለብ ባለቤት ነው። ያ ክለብ በ2018 የዓመቱ ኮከብ የነበረውንና ዋንጫ ያስገኘለትን ሙኪ ቤትስን በ2020 ለሎስ አንጀለስ አሳልፎ ሰጠ፤ ሎስ አንጀለስም ልጁን 365 ሚሊዮን ዶላር አስፈርማ በ2020፣ በ2024ና በ2025 ከሱ ጋር ዋንጫ አነሣች። የሊቨርፑሉ ሞሐመድ ሳላህ በ2025 ውሉ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት፣ እዚህ ቦሌ ላይ «32 ዓመቱ ነው፤ ይህን ያህል መጠየቅ የለበትም» ብለው ሲከራከሩ የሰማኋቸው ወጣቶች የቦስተኑን ባለቤቶች ሒሳብ በነፃ ይሠሩላቸው እንደነበር አያውቁም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል ነበር። ዛሬ የሰው ወርቅ መቆጠቡ ደጋፊውን የሚያደምቀው መስሎታል።

በቤታችንም እንይ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችን የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ። በየካፌው «ይበላቸው! ለማይረባ ኳስ!» ሲባል ሰማሁ። ቁጣው ከንቱ አልነበረም፤ አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ ገንዘብ ነውና ሕዝቡ የመጠየቅ መብት አለው። ነገር ግን ያን ደመወዝ ተጫዋቹ ራሱ ለራሱ አልጻፈውም። ከውሉ ግርጌ ሌላ ፊርማ ነበር፤ የክለብ ኃላፊ ፊርማ። ስለዚያ ፊርማ የጠየቀ ሰው በበኩሌ አልሰማሁም። ጣሪያው የተሠራው ለፈረመው ሳይሆን ለተፈራረመለት ነው። የጨዋታ ዕድሜው አሥር ዓመት የማይሞላ፣ ጉልበቱ አንድ ቀን ቢታጠፍ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ልጅ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ወንበር ያለው ሰው ላይ መፍረድ ይከብዳል። ሕዝብ በቀላሉ መንገድ ሄደ።

የአሜሪካው ሊግና ተጫዋቾቹ የተስማሙበት ውል የሚቆየው እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። ያለፈው ውል ባበቃ ጊዜ ባለቤቶቹ በሩን ለ99 ቀን ዘግተውት ነበር። አዲስ ድርድር በመጣ ቁጥር ደጋፊው ዳኛ ሆኖ ይጠራል፤ ፍርዱም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ሁለቱም ስግብግቦች ናቸው፤ ተጫዋቾቹ ግን በቃ ይበላቸው» ይላል። ሁለቱንም አንድ አድርጎ መውቀስ ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ሲወቀስ ስሙና ደመወዙ ይጠራል፤ ሌላው ሲወቀስ «ክለቡ» ተብሎ ይታለፋል። ስም ያለው ተወቃሽና ስም የሌለው ተወቃሽ እኩል አልተወቀሱም።

ታዲያ ደጋፊ አፉን ይዝጋ? የለም! ይከራከር። ጨዋታ ያለ ክርክር ጨው የሌለው ወጥ ነው። ማን ይሻላል፣ ማን መሰለፍ ነበረበት፣ አሠልጣኙ ለምን ዘገየ፤ ይህ ሁሉ የደጋፊ ርስት ነው፤ ማንም አይነጥቀውም። ስለ ገንዘብም ይከራከር። ነገር ግን ሦስት ጥያቄ አብሮ ይጠይቅ፤ ለተጫዋቹ ያልተከፈለው ብር ለማን ተከፈለ? ውሉን የፈረመው ማን ነው? ስታዲየሙን የሠራው የማን ገንዘብ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ደጋፊ ባለቤት አይወደውም፤ ሥራ አስኪያጅ አይወደውም፤ ባለማስታወቂያ ጣቢያም አይጋብዘው ይሆናል።

ከርት ፍለድ ንብረት አይደለሁም ብሎ ሲጽፍ ለአንድ ኮሚሽነር ብቻ የጻፈ አይመስለኝም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያየው ሰውም ጭምር ነው የጻፈው። ተጫዋቹን እንደ ዕቃ መመዘን የለመደ ሕዝብ፣ ነገ እሱ በሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ «ገበያው አይፈቅድም» ቢባል፣ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን አስቀድሞ መስክሯልና የሚለው አይኖረውም።